የእህቴ የእንቁጣጣሽ ፎቶዎች

መናኸሪያ አካባቢ ያለችው ፎቶ ቤቴ ጠባብ ናት። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ መንገደኛ፣ የምረቃ ጋውን ለብሶ ላቡ የሚንቆረቆር ተማሪ፣ ሠርጋቸው የደረሰ እጮኛሞች፣ ሁሉም አንድ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ይቀመጣሉ። ተነስተው ሲሄዱ የሚሉኝም አንድ ነው፤ «እዚህ ጋ ያለችውን ነገር አጥፋልኝ።» ብጉር፣ ጠባሳ፣ ማዲያት፣ የግንባር መስመር። አንዳንዱ ለመናገር ስለሚያፍር በጣቱ ብቻ ያሳየኛል። ማንሳትማ ማንን ያቅተዋል፣ ዛሬ ስልክ ያልያዘ የለም። እኔ ዘንድ የሚመጡት ላጠፋላቸው ነው። በዚህ እጄ በጣም እኮራ ነበር። የምጽፈው ይህ ኩራት የት እንዳደረሰን ነው።

እህቴ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን የሞተችው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስትወለድ በቆዳዋም በጸጉሯም ላይ ቀለም አልነበረም። ዛሬ አልቢኒዝም ይባላል። ያኔ ግን በሰፈራችን ስሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ልጆቹ «ፈረንጅ» እያሉ ይከተሏት ነበር። አባትና እናታችን ጠይም በመሆናቸው ጎረቤት ያላለው ነገር የለም። እናቴ ለማንም መልስ አልሰጠችም። ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ በእግሯ መሄድ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ ሻሽ ሳታስርላት ከደጅ አላስወጣቻትም። ሻሹን እስከ ቅንድቧ ድረስ ዝቅ አድርጋ ነበር የምታስርላት። እህቴ ትልቅ ሰው ሆናም ያንን አስተሳሰር አልተወችም።

ዓይኗም ደካማ ነበር። ብርሃን አትችልም፣ ራቅ ያለ ነገር አይታያትም። መጽሐፍ ቅዱሷን ስታነብ ገጹን የምታሸት እንጂ የምታነብ አትመስልም ነበር። በዚህ ዓይንና በዚህ ቆዳ ያገኘችው ሥራ ሐይቅ ዳር ጉሊት መቸርቸር ሆነ። አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ሎሚ። ጥቁር መነጽርና ትልቅ ጃንጥላ ነበራት፤ ግን ጃንጥላ ከላይ የሚወርደውን ፀሐይ እንጂ ሐይቁን ነክቶ የሚመለሰውን አይከለክልም። ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ብርሃን ከአንድ ነገር ተመልሶ ሰው ፊት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ማወቅ እንጀራዬ ነው።

በሠላሳ አምስት ዓመቷ አንገቷ ተሸብሽቦ ነበር። በአርባዋ የእጇ ጀርባ በነጠብጣብ ተሞላ፣ ከንፈሯም ተሰነጣጠቀ። ከእሷ ብዙም የማያንሱ ገበያተኞች «እማማ» ይሏት ጀመር። እሷ ትስቅ ነበር፤ «እማማ ያላችሁኝ አቮካዶ እንድመርቅላችሁ ነው፣ አውቄባችኋለሁ» ትላቸዋለች፣ አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በሲዳሙ አፎ። እኔን ግን ያንገበግበኝ ነበር።

ፎቶ ቤቱን ስከፍት የመጀመሪያ ደንበኛዬ እሷ ነበረች። ዕለቱ እንቁጣጣሽ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲስ ቀሚሷን እንደለበሰች መጥታ መጋረጃው ፊት ተቀመጠችና «በል ማሙሽ፣ በእኔ አሟሽ» አለችኝ። ሁለት ልጆች ወልጄም ለእሷ ማሙሽ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ላይ ትመጣለች፣ አነሳታለሁ፣ በትልቁ አትሜ በፍሬም እሰጣታለሁ። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ በተርታ ትሰቅላቸዋለች።

ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ አጽድቻታለሁ። አጥፋልኝ ብላኝ አታውቅም፤ ይህን አስረግጬ መጻፍ እፈልጋለሁ። በራሴ ፈቃድ ነው ያደረግሁት። መጀመሪያ ነጠብጣቦቹን፣ ቀጥሎ ሽብሽቡን፣ ከዚያ የከንፈሯን ስንጥቅ። ፍቅር ነው ብዬ አምን ነበር። አፍሬባትም ሊሆን ይችላል። ሰው የሚወደውን ሰው ሊያፍርበት እንደሚችል ለመቀበል ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ቤቷ ውስጥ መስታወት አልነበረም። «ልጅ ሆኜ የሰደበኝን ሁሉ ቤቴ አስገባለሁ እንዴ?» ትል ነበር ስትጠየቅ። ፎቶውን ስሰጣት ወደ ዓይኗ ታስጠጋና ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ቀስ ብላ ታየዋለች። «መስታወቴ አንተ ነህ» ትለኛለች ከዚያ። «በዓመት አንዴ አያለሁ፣ ይበቃኛል።»

በዘጠነኛው ዓመት የአፍንጫዋ ግራ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቅርፊት አየሁ። ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቼ ስለምሠራ ከማንም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ማውሱን ሁለቴ ነካ ነካ አደረግሁና ጠፋች። በአሥረኛው ዓመት ትንሽ ሰፋ ብላ፣ ጠርዟ ቀልቶ ነበር። እሷንም አጠፋኋት። በአሥራ አንደኛውና በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ሥራው ከበድ ስላለኝ የቀኙን የአፍንጫ ጠርዝ ገልብጬ በግራው ላይ አስቀመጥኩ። በጣም ያማረ ሥራ ነበር፤ ማንም ባለሙያ አይለየውም።

ቁስሉ ይደማል፣ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ደግሞ ይደማል። እሷ በጣቷ እየዳሰሰች «ፀሐይ ነው» ትላለች፣ ቴትራሳይክሊን ትቀባዋለች። ጉሊት አጠገቧ ቃሪያና ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፣ እንደ እህት ነበሩ። ይህቺ ሴት ሐኪም ይየው እያለች ስትጨቀጭቃት እህቴ አንድ ቀን ቤቷ ወስዳ ግድግዳውን አሳየቻት። «ይኸው፣ እንቁጣጣሽ ላይ ምንም የለብኝም። ወንድሜ በትልቁ ካሜራ ያነሳው ነው። የሚመጣ የሚሄድ ነገር ነው እንጂ ቁስል ቢሆን እዚህ አይታይም ነበር?» ሴትዮዋ በኋላ ስትነግረኝ እህቴ እንዴት እንደምትኮራብኝ ልታስረዳኝ ብላ ነው።

ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ይባላል። ያንን ቁስል ሐይቅ ዳር የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። እኔስ? ቁስል መሆኑን አውቅ ነበር፣ ካንሰር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ይህ ሰበብ ሌላውን ሰው ያሳምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔን አላሳመነኝም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ረፋድ ደሙ አልቆም አለ። ሎሚዎቹ ላይ ተንጠባጠበ። ባለ ቲማቲሟ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰቻትና ደወለችልኝ። ከቁስሉ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱን ጠበቅን። ውጤቱን የነገረን ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ሰው ሲያዳምጥ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። የቆዳ ካንሰር ነው አለ። የአፍንጫዋ ግራ ጎንና ጫፉ መቆረጥ አለበት፣ ከዚያ ከራሷ ቆዳ አዲስ ይሠራላታል።

እህቴ «ዶክተር፣ አፍንጫዬ ከሄደ መነጽሬ በምን ላይ ይቀመጣል?» አለች።

«ለመነጽሩም ነው የምንሠራልዎት» አላት። «ድሮ የተነሱት ፎቶ ካለ ይዘውልኝ ይምጡ። አፍንጫዎ ምን ይመስል እንደነበር፣ ይህ ነገርም ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ፊቷ በራ። «ፎቶ ከሆነ ሞልቶኛል። ይሄ ወንድሜ ፎቶ አንሺ ነው።»

በማግስቱ አሥራ ሁለቱንም ከግድግዳው አውርደን በጨርቅ ጠቅልለን ወሰድን። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አሥራ ሁለት ንጹህ አፍንጫ። የመጨረሻውን አንስቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። «ይሄ ባለፈው መስከረም የተነሱት ነው?»

«አዎን» አለች እህቴ። «ምንም አልነበረብኝም፣ ይኸው።»

«ስለዚህ ይህ ሁሉ በሰባት ወር ውስጥ የመጣ ነው ማለት ነው» አለ፣ ግን ያለው ለራሱ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ኮሪደሩ ላይ ከደረስን በኋላ እህቴን ስልኬን ረስቻለሁ ብዬ ዋሸኋትና ተመለስኩ። በሩን ዘግቼ ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አለ። «ያልተነኩት ዋናዎቹ አሉ?»

በጠራራ ፀሐይ ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ፈተሽኩ። የበፊቶቹን ቦታ ጠበበኝ ብዬ ደምስሻቸዋለሁ። ቅርፊቷ የታየችባቸው የአራቱ ዓመት ግን ነበሩ። ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። በመጀመሪያው የምስር ክክ ታክላለች። በሁለተኛው ሽምብራ። በሦስተኛው ጠርዟ ከፍ ብሎ መሐሏ ጎድጉዷል። በአራተኛው የአፍንጫዋ ጠርዝ ራሱ ተበልቷል። አራት ዓመት ሙሉ እያየሁት አድጓል። እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ውጭ አንድ ሰው በሩን እያንኳኳ ጉርድ ፎቶ ይደርሳል ወይ ይለኝ ነበር።

ሐኪሙ በፍላሽ የወሰድኩለትን አይቶ እህቴን እንደገና አስጠራት። ይህን ያህል ከቆየ ሌላ ቦታ መድረሱን ማየት አለብኝ ብሎ አንገቷን በሁለት እጁ ዳሰሰ። ከመንጋጋዋ በታች አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ለብቻው ሳገኘው «ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጣስ ኖሮ?» አልኩት። «የዚህ ጥያቄ መልስ አሁን ለማንም አይጠቅምም» አለኝ። መልሱን ከዚያው ተረዳሁት።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሻሿን እንድትፈታ ጠየቃት። ስትፈታ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። በእሷ እጅ ያደግሁ ሰው ግንባሯን በቅጡ አይቼው አላውቅም ነበር። ከቅንድቧ በላይ አንድ መስመር አለ። ከመስመሩ በታች የማውቀው ፊት ነው፣ የተሸበሸበ፣ በነጠብጣብ የተሞላ፣ የተሰነጣጠቀ። ከመስመሩ በላይ የሕፃን ግንባር ነበር።

ሐኪሙ በጣቱ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። «ቆዳ በዕድሜ ብቻ አያረጅም፣ በፀሐይም ያረጃል» አላት። እጇን ገልብጦ የክንዷን ውስጠኛ ክፍል አሳያት፤ ልስልስ ነበር። የእጇ ጀርባ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «አፍንጫውን የምሠራው ከዚህ ከግንባርዎ ነው። ማን ነው እንዲህ የጠበቀልዎት?»

«እናቴ» አለች። ቀጥላም «እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም» ብላ ሻሿን ጉልበቷ ላይ አጠፈች።

መጀመሪያ የታመመው ተቆርጦ ወጣ፣ ከአንገቷም ዕጢ ተወሰደ። ከዚያ ከጆሮዋ ትንሽ አጥንት መሰል ነገር አንስተው፣ የግንባሯን ቆዳ እንደ ቀበቶ በቀጭኑ ቆርጠው፣ ከሥሩ ሳይለዩ ወደ ታች አዙረው አፍንጫዋ ላይ ሰፉት። አዲሱ አፍንጫ የራሱን ደም እስኪያገኝ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ከግንባሯ እየጠጣ መቆየት ነበረበት። እነዚያን ሳምንታት በሁለቱ ዓይኖቿ መሐል ያ የቆዳ ቀበቶ እንደተዘረጋ ቤቷ ተቀመጠች። ጠያቂ ሲመጣ እንዳይደነግጥ ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች።

እኔ ብቻ ስሆን ነጠላውን ታወርዳለች። «አንድ ጉድ ልንገርህ» አለችኝ አንድ ከሰዓት። «አፍንጫዬን ሲነኩት የሚሰማኝ ግንባሬ ላይ ነው። ቅድም ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈች፣ እኔ ግንባሬን እመታለሁ።» ስትስቅ ስፌቱ አመማት። ከዚያ «በል አንሳኝና ልየው፤ እንዴት እንደሆንኩ አላውቅም እኮ» አለችኝ።

ስልኬን አወጣሁ። አሥራ ሁለቱ ፎቶዎች ወደ ግድግዳቸው ተመልሰው ከራስጌዋ በላይ ተሰቅለዋል። ያኔ ነገርኳት። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቁስሉን መቼ እንዳየሁት፣ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁት፣ የቀኙን ገልብጬ እንዴት እንደለጠፍኩት ሳይቀር።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም፣ እትዬ።»

«እኔ ጠይቄህ ነበር?»

«አልጠየቅሽኝም።»

ውጭ ባጃጆች ያልፋሉ፣ የጎረቤት ሬዲዮ መዝሙር ያሰማል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንድትለኝ፣ ይቅር እንድትለኝ እየጠበቅሁ ነበር። አላለችኝም።

«እናታችን ሸፈነችኝ፣ አንተም ሸፈንከኝ» አለች በመጨረሻ። «እሷ ከፀሐይ ነበር የሸፈነችኝ። አንተ ከራሴ።» ነጠላዋን መልሳ ፊቷ ላይ ጣለችና «አውርዳቸው» አለችኝ።

ወንበር ላይ ቆሜ አሥራ ሁለቱን አወረድኩ። ግድግዳው ከመስኮቱ በሚገባው ፀሐይ ደብዝዞ ኖሮ ፍሬሞቹ የነበሩበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ አዲስ ነበር። ሳምንት ያህል ስሄድ በሩን ትከፍትልኛለች፣ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም። በስምንተኛው ቀን «ማሙሽ፣ ሽሮው ጨው አንሶታል?» አለችኝ። ይቅርታዋ ይህ ነበር፣ ሌላ አልነበረም።

ቀበቶው ተቆረጠ። አፍንጫዋ ከድሮው ወፈር ያለ፣ ጠርዙ ላይ የስፌት መስመር ያለበት፣ ቆዳው ግን ከፊቷ ሁሉ ወጣት የሆነ አፍንጫ ነበር። መነጽሯም ተቀመጠበት። ሐይቅ ዳር እንዳትመለስ ስለተከለከለች ባለ ቲማቲሟ እየመጣች ወሬ ታመጣላታለች። ሐምሌ ላይ አንገቷ እንደገና አበጠ። ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ተመላለስን። ሐኪሞቹ የሚነግሩን ነገር እያጠረ መጣ። እኛም መጠየቅ ቀነስን።

መስከረም አንድ ቀን በሬ ላይ ባጃጅ ቆመ። በባለ ቲማቲሟ ተደግፋ ወረደች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ሰፍቷታል። መጋረጃው ፊት ተቀምጣ መነጽሯን አወለቀች፣ ቀጥላም ሻሿን ፈታች። ግንባሯ መሐል ላይ ቆዳው የተወሰደበት ጠባሳ ቁልቁል ወርዷል፤ ሃምሳ ዓመት የተሸፈነው ግንባር እንዳለ ወጣ።

«እንዳትነካው» አለችኝ።

አልነካሁትም። አትሜ ስሰጣት እንደልማዷ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ከጥግ እስከ ጥግ አየችው። አንገቷ ላይ ቆየች፣ ከንፈሯ ላይ ቆየች፣ አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይህን ያህል አርጅቼ ኖሯል?»

«አዎን፣ እትዬ።»

«ደግ» አለች ለፎቶው። «እንግዲህ እንተዋወቃ።»

ለመተዋወቅ የነበራቸው ጊዜ አራት ወር ነው። ጥር ላይ ሞተች። እድሩ ድንኳን ሲጥል መግቢያው ላይ የሚቀመጥ ፎቶ ጠየቁኝና አሥራ ሦስተኛውን በትልቁ አትሜ አወጣሁ። ለቀስተኛው ያየውና ዓይኑን ይሰብራል። አክስታችን ከወንዶ ገነት መጥተው ፎቶው ፊት ብዙ ቆሙ፣ ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ፎቶ አንሺ ወንድም እያላት እንዲህ ትቁም? ትንሽ ብታሳምራት ምን አለበት ልጄ?»

«እንዳትነካው ብላኛለች» አልኳቸው።

ፎቶዋ አሁን ሱቄ ውስጥ ከመጋረጃው ትይዩ ተሰቅላለች። ደንበኞች ሲቀመጡ ያዩዋታል፣ ማን ናት ብለው የሚጠይቁኝ ጥቂቶች ናቸው። ሲነሱ አሁንም እዚህ ጋ ያለችውን አጥፋልኝ ይሉኛል፣ እኔም አጠፋለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ዋናውን ግን አልደመስስም። ከማጥፋቴ በፊትም ቦታዋን አጉልቼ ወደ እነሱ አዞርና «ይህቺ ከመቼ ጀምሮ ናት?» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል፣ አንተ ሐኪም ነህ ወይ ይለኛል። መልስ እስኪሰጠኝ ድረስ ማውሱን አልነካም።